መቶ ስግደት

ደቡብ ሱዳን ውስጥ፣ ከማንጋቴን ሰፈር ወደ ካስተም በሚሄደው ሚኒባስ ከፊቴ ሁለት የአገሬ ሴቶች ተቀምጠው ነበር፤ አንዷ በዕድሜ ትበልጣለች። አማርኛ የሚሰማ ያለ አልመሰላቸውም።

«ስሰግድ ማህፀኔ ይወጣል፣ እትዬ። አዲስ አበባ ላሉት ንስሐ አባቴ ደውዬ፣ በጾሙ አልሰገድኩም አልኳቸው።»

«ምን አሉሽ?»

«ስለ ስንፍናሽ መቶ ስገጂ አሉኝ።»

«ምክንያቱን አልነገርሻቸውም?»

«ለቄስ ማህፀን ይባላል እንዴ?»

«እና ሰገድሽ?»

«ሠላሳ ላይ ወጣ። በእጄ መልሼ አርባ አደረስኩት።»

«አንቺ ሴት አብደሻል! ሐኪሙስ?»

«አዲስ አበባ መጥተሽ በቀዶ ጥገና መረብ ላስገባልሽና ከውስጥ ይደግፈው ይላል። ከዚያ በኋላ ግን ለወራት መሸከምም መስገድም የለም።»

«ታዲያ ሂጂያ!»

«ስድሳ ስግደት እያለብኝ? እዚያው ብሞትስ?»

«ስድሳውን እኔ እሰግድልሻለሁ።»

«በዚያ ጉልበትዎ? እርስዎንም መልሶ የሚያነሳ ሰው ልቅጠር?»

ደቡብ ሱዳናዊው ሾፌር ሬዲዮውን ዘጋና በጠራ አማርኛ ተናገረ።

«እናቶቼ፣ ሠላሳውን ለእኔ ተዉልኝ። አዲስ አበባ ነው ያደግኩት፣ መስገድ አውቃለሁ። ብቻ የሐኪሙን ስልክ ስጡኝ፤ እናቴም እንዲሁ ሆናብኛለች።»

ሁለቱም ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣሉ። ትንሽ ቆይቶ ከታናሺቱ ነጠላ ስር ቁጥሩ አንድ በአንድ ይወጣ ጀመር።

መውረጃዬ አልፎ ነበር፤ እኔ ግን ቁጥሩን ለራሴ የምጽፍበት እስክሪብቶ ከቦርሳዬ ውስጥ እፈልግ ነበር።