ዋንጫውን ያገኘሁ ቀን

ቅናት ሰውን እንዴት እንደሚያቃጥል ከእኔ ስሙ። ምጽዋ ባሕር ኃይል ሳለን ተስፋዬ ማዕበል በተነሳ ቁጥር ያስመልሰው ነበር፤ ሸራ መወጠር ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ሁለታችንም ደርግን ሸሽተን ናይሮቢ ገባን። እኔ መሃል ከተማ መጋዘን ጠባቂ ሆንኩ፤ እሱ የናይሮቢ ግድብ ከሚባለው ሰው ሠራሽ ሐይቅ ዳር የጀልባ ማቆሚያ ከፈተ፣ በሸራ ጀልባ ውድድርም ፈረንጆቹን ይቀድማቸው ጀመር። ስሙ ከተነሳ ምግብ አይወርድልኝም።

አንድ እሁድ ከቸርች ስንወጣ ሚስቴ አልማዝ «ዛሬማ ውድድሩን ሳላይ አልገባም» ብላ ጎትታ ወሰደችኝ። ተስፋዬ ገና ሲያየኝ «ጌቾ! ረዳቴ ታሞብኛል፤ እባክህ ና ግባ!» አለኝ። እምቢ እንዳልል አልማዝ ታየኛለች፤ ገባሁ። ልንጨርስ ስንል አንድ እንግሊዛዊ ቀደመን። በስተቀኝ ውሃው ሲጨማደድ አየሁና ንፋስ እየመጣ መሆኑ ስለገባኝ «አሁን አዙር!» ብዬ ጮህኩ። ተስፋዬ ሳያመነታ መሪውን አዞረ፣ እኔ ሸራውን ሳብኩ፤ እንግሊዛዊውን አልፈን አንደኛ ወጣን።

ዋንጫውን ሲሰጡት ተስፋዬ ወደ እኔ መጣና «ያሸነፈው እሱ ነው፤ ያስተማረኝም እሱ ነው» ብሎ አስታቀፈኝ። ሰዉ ሁሉ አጨበጨበልኝ። ናይሮቢ ከገባሁ ወዲህ እንደዚያ ቀን ደረቴ ሞልቶ አያውቅም።

ወደ ቤት ስንመለስ፣ ማታቱ በሚሉት ሚኒባስ ውስጥ ዋንጫውን ጭኔ ላይ አድርጌ አልማዝ የምትለኝን ስጠብቅ፣ እሷ በመስኮት እያየች በረጅሙ ተነፈሰችና «ወይ ተስፋዬ! እንዴት ያለ ደግ ሰው ነው!» አትልም?