የልጅቷ ቪዲዮ ያለበትን የዘመዶች ግሩፕ ስለማስዘጋት የተሰጠ ቃል

ቃል ሰጪ፦ ዴቃ ሒርሲ ሮብሌ
ዕድሜ፦ 41
ሥራ፦ ስልክ ጥገና
አድራሻ፦ ቦረማ ከተማ፣ ሸድሌ ሰፈር፣ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ
ቀን፦ እሑድ፣ ፌብሩዋሪ 11 ቀን 2024፣ ከጠዋቱ 3፡20
ቃል ተቀባይ፦ ሳጅን ቡርሃን ጌሌ

እኔ ስሜ ከላይ የተጠቀሰው፣ የተጠራሁት ሦስት ሽማግሌዎች «የዘመዶቻችንን ግሩፕ አስዘጋችብን» ብለው ስላመለከቱብኝ መሆኑ ተነግሮኛል። ያስዘጋሁት እኔ ነኝ። ማን ነው እያላችሁ እንዳትደክሙ ከመጀመሪያው ተናግሬያለሁ።

«የኤሌዬ ልጆች» የሚባለው ግሩፕ የአንድ ቅድመ አያት ዘር የሆንን 312 ሰዎች የምንገኝበት ነው። ሞቱም፣ ሠርጉም፣ የት ዝናብ ጣለ የሚለውም የሚሰማው እዚያ ነው። ሐሙስ ፌብሩዋሪ 8 ቀን፣ ከቀኑ 9 ሰዓት ገደማ፣ ሱቄ ውስጥ የስልክ መስታወት ስቀይር አንድ ቪዲዮ ገባ። ሁለት ጎረምሶች አንዲት ልጅ አጥር ሥር ይዘው፣ ሻሿን ገፈው ጸጉሯን በመቀስ ይቆርጣሉ። ልጅቷ ፊቷን በክንዷ ለመሸፈን ትታገላለች። የሚቀርጸው ይስቃል። ልጅቷ የወንድሜ ልጅ ኢፍራሕ ናት። አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው።

ጎረምሶቹ ቪዲዮውን የለጠፉት በራሳቸው ገጽ ላይ ነው። ወደ ግሩፑ የላኩት ግን አጎቴ አዴር ወርሰሜ ናቸው፤ ክፉ ሰው አይደሉም። ከሥሩ «ጉድ እዩ! ለማንም እንዳይተላለፍ» ብለው ጽፈዋል። የእኛ ሰው ደግሞ «እንዳይተላለፍ» እያለ ሲያስተላልፈው ዋለ። ገና ሳይመሽ ጅቡቲ ያለችው እህቴ ከማታውቀው ሰው ደርሷት እያለቀሰች ደወለችልኝ።

በዚያው ዕለት የገጹን አድራሻ፣ የለጠፈውን ስምና ሰዓቱን በወረቀት ገልብጬ ገጹንም ግሩፑንም ለሚያስተዳድረው የኢንተርኔት ኩባንያ አመለከትኩ። አርብ ጠዋት ከገጹ ላይ ወረደ። ወረቀቱንና የቪዲዮውን አንድ ቅጂ በሚሞሪ ካርድ፣ በታሸገ ፖስታ አድርጌ ለዚሁ ጣቢያ የሴቶችና ሕጻናት ክፍል ኃላፊ ለሻምበል ፎዚያ አስረከብኩ። ጎረምሶቹም በዕለቱ ተያዙ።

ግሩፑ ውስጥ ያለው ግን እንዳለ ነበር። አርብ ከጁምዓ በኋላ ሽማግሌዎች ከግራሩ ሥር ለፍርድ ተቀመጡ። በእኛ ልማድ ሸንጎ ዓይኑ ያላየውን ጉዳት አይዳኝም፤ ቁስል ከሆነ ቁስሉ፣ ግመል ከሆነ ግመሉ ፊት ቀርቦ ይታያል። ስለዚህ አርባ ሁለት ወንድ ቪዲዮውን እየተቀባበለ አየው። መነጽሩን የረሳ «እስቲ ድገሙልኝ» አለ። ሴት እዚያ እንደማትገባ አውቃለሁ፤ ገባሁ። «ይቺ ልጅ ጸጉሯ የሚቆረጠው ስንት ጊዜ ነው?» አልኩ።

አዴር ወርሰሜ «ዴቃ፣ ለሷው ብለን እኮ ነው። ሳናይ በምን እንፍረድላት?» አሉኝ።

«አያችሁ አይደል? በሉ አጥፉት።»

«ፍርዱ ሳያልቅ ማስረጃ ይጠፋል እንዴ? ግሩፑ ውስጥ ይቆይ።»

አንዱ «ሴትዮ፣ ስልክ ስትነካኪ ጭንቅላትሽ ተበላሸ?» ብሎ አሳቀብኝ። «የኔስ ይጠገናል፤ ላንተ ግን መለዋወጫው ገበያ ላይ የለም» ብዬው ወጣሁ።

ኢፍራሕ ከሐሙስ ጀምሮ ከክፍሏ አልወጣችም። ቅዳሜ በእኛ አገር የትምህርት ቀን ነውና፣ ጠዋት እናቷ ትምህርት ቤት እንድትሄድ ስትለምናት፣ ወደ እኔ ወደ አክስቷ ዞራ «ኤዶ፣ አሁንም እያዩኝ ነው?» አለች። ልዋሻት አልቻልኩም። ግሩፑን የሚያስተዳድሩት አዴር ወርሰሜ ስለሆኑ ሁለት ጊዜ ደውዬ እንዲያጠፉት ለመንኳቸው፤ እምቢ አሉ። ያን ጊዜ ግሩፑን ራሱን ከነስሙ ለኩባንያው አመለከትኩ። ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ተዘጋ።

ሽማግሌዎቹ የአሥራ አንድ ዓመት የሐዘንና የደስታ መልእክት ጠፋብን ይላሉ። እውነት ነው፣ ጠፍቷል። አባቴ ሳይሞት በፊት የላከው የመጨረሻው የድምፅ መልእክትም እዚያው ነበር፤ እያወቅሁ ነው ያደረግሁት፤ እስካሁን ያንገበግበኛል። ጎሳሽን አዋርደሻልና ይቅርታ ጠይቂ ተብያለሁ። አልጠይቅም። ነገም ሌላ ግሩፕ ከፍተው ቢለጥፉት ያንንም አስዘጋለሁ።

ቃሌን የሚጽፈው ሳጅን ቡርሃን የሌላው አጎቴ ልጅ ነው፤ እሱም የግሩፑ አባል ነበር። «ቪዲዮው ስልክህ ላይ አለ?» ብዬ ጠየቅሁት። «ለሥራ ብዬ ነው» አለኝ። ለሥራ የሚፈለገው ታሽጎ ሻምበል ፎዚያ ዘንድ እንዳለ ነግሬው፣ ካላጠፋህ አልፈርምም አልኩት። ይህም እንዲጻፍ ጠይቄ ራሱ ጽፎታል። 4፡35 ላይ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አድርጎ ዓይኔ እያየ አጥፍቷል። ከዚያም «ሌሎቹንስ ምን ልታደርጊ ነው?» አለኝ። ቤት ለቤት እሄዳለሁ፣ ዛሬ የጀመርኩት ካንተ ነው አልኩት።

ቃሌ ተነቦልኛል፤ የተናገርኩት ይኸው ነው፤ እውነት ነው። አንድም ቃል እንዲሰረዝልኝ አልፈልግም።

የቃል ሰጪ ፊርማ፦ ዴቃ ሒርሲ ሮብሌ (ተፈርሟል)
የቃል ተቀባይ ፊርማ፦ ሳጅን ቡርሃን ጌሌ (ተፈርሟል)