የጎደሉት ሁለት ምቶች

«ኡስታ»፣ ባለሙያው፣ እየተባሉ የሚጠሩት ሸውቂ በዚያ ረቡዕ ጠዋት እስክንድርያ ራምል ጣቢያ ላይ ትራም ሲሳፈሩ ከማንም ጋር የመነጋገር ሐሳብ አልነበራቸውም። በኮታቸው የውስጥ ኪስ የልጃቸው የሻዛ የሁለተኛ ደረጃ ማስረጃ አለ፤ ዋናው፣ ማኅተም ያረፈበት። ልጅቷ ማስረጃው እንዲገባላት የምትፈልገው ሻጥቢ ካለው ኮሌጅ ነው። እዚያ በየሰርጉና በየሬዲዮኑ የሚሰማውን የዘመኑን ሙዚቃ መጫወት አራት ዓመት ያስተምራሉ፤ የመግቢያ ፈተናውንም ኦርግ የሚባለውን የኤሌክትሪክ ፒያኖ ተጫውታ አልፋለች። አባት ግን የሚሄዱት ሩሽዲ ወዳለው የንግድ ተቋም ነበር። የሁለቱም ምዝገባ የሚዘጋው በዚያው ቀን ስምንት ሰዓት ላይ ነው። «አንቺ ቤት ሁኚ፣ እኔው አስገባልሻለሁ» ብለዋት ወጡ፤ የት እንደሚያስገቡት ግን ትንፍሽ አላሉም።

ይህን የሚያደርጉት ሙዚቃ የማይወዱ ሰው ሆነው እንዳይመስላችሁ። በባሕሪ ሰፈር አርባ ዓመት ሙሉ ኡስታ ሸውቂ አኮርዲዮን ያልተጫወቱበት ሰርግ ሰርግ አይባልም ነበር። ሙዚቃን ስለሚያውቁት ነው ልጃቸውን ሊያርቁ የተነሡት።

ገና ወንበር ሲፈልጉ አንድ ወጣት ብድግ ብሎ ቦታውን ለቀቀላቸው። ቀና ብለው ቢያዩት ሃይሰም፣ የባዩሚ ልጅ። ባዩሚ፣ አላህ ይማረውና፣ ሃያ ዓመት ከጎናቸው ተቀምጦ ከበሮ የመታ ወዳጃቸው ነበር። ልጁ እጃቸውን ስሞ፣ ከያዘው የተቆላ የዱባ ፍሬ ዘገነላቸውና ስለ ጤናቸው ጠየቀ። ከዚያም ያው ሻጥቢ ያለው ኮሌጅ ውስጥ የአራተኛ ዓመት ተማሪ መሆኑን ነገራቸውና፣ ሻዛ ፈተናውን ማለፏን ሰምቶ በጣም እንደተደሰተ ጨመረበት። ኡስታ ሸውቂ ነገሩ ሲያቃጥላቸው ስላደረ አልቻሉም፤ ማስረጃውን ወዴት ይዘውት እንደሚሄዱ እዚያው ዘረገፉለት።

ትራሙም የሚሰማ ይመስል፣ አዛሪታን እንዳለፈ መብራት ጠፍቶበት ቀጥ አለ። ተሳፋሪው አጉረመረመ፣ ሹፌሩ ወርዶ ሲጋራውን ለኮሰ። ሃይሰም ግን ደስ ሳይለው አልቀረም።

«አሞ፣ አጎቴ ሸውቂ፣ አይቆጡኝና፣ ሙዚቃ ምን አድርጎዎት ነው?» ሲል ጠየቃቸው።

«ሙዚቃማ ምንም አላደረገኝ። ትምህርት ቤቱ ነው የማይገባኝ» አሉ። «ልጄ፣ እኔ ስድስት ዓመት የጌታዬን አኮርዲዮን ተሸክሜ፣ ሻይ አቅርቤ፣ ጫማ ጠርጌ ነው ሙያውን በዐይኔ የሰረቅሁት። ‘ጣትህን እዚህ አድርግ’ ያለኝ ሰው የለም። ሙዚቃ ተሰርቆ ነው የሚገኘው። ተማሪ ቤት ቁጭ ብሎ የተማረውን ሰው ሰርግ ላይ ብታቆመው፣ ሙሽሪት ብቅ ስትል እጁ ይንቀጠቀጣል።»

«ጌታዎ በአንድ ዓመት ቢያሳዩዎት ኖሮ አምስቱን ዓመት ምን ይሠሩበት ነበር?»

ኡስታ ሸውቂ የዱባውን ፍሬ እየፈለቀቁ አሰቡ። «እተኛበት ነበር» አሉና ሁለቱም ሳቁ።

ሃይሰም ግን በሳቅ አላለፈውም። ኮሌጁ ተማሪውን ወንበር ላይ ጎልቶ እንደማያስቀምጠው አስረዳቸው፦ በየሳምንቱ ሰው ፊት ይጫወታሉ፣ ድምፅ መቅዳትና ውል ማንበብ ይማራሉ፣ ትልቁ ፈተናም ራሱ መድረክ ነው፣ እጁ የሚንቀጠቀጥ ተማሪ እዚያው ተንቀጥቅጦ ይወጣለታል። ሽማግሌው በዚህ አልተረቱም። ፒያኖ ላይ ሩቧ ድምፅ፣ በሁለት ቁልፎች መሃል ያለችው፣ የለችም፣ እኔ የአኮርዲዮኔን የውስጥ የብረት ምላስ በገዛ እጄ በሞረድ ሞርጄ ነው ሩቧን ያወጣኋት፣ እነዚህ የፈረንጅ ተማሪዎች ያጠፏታል ሲሉ ተከራከሩ። ሃይሰም በበኩሉ የሩቧን ድምፅ ከአንደኛው ዓመት ጀምሮ እንደሚያጠኗት፣ ሞረድ ይዞ የሚያስተምራቸው ሰው ግን እንዳጡ ነገራቸው። ኡስታ ሸውቂ ይህን ሲሰሙ ትንሽ ኮራ አሉ።

የሚናገረውን ለመስማት ሽማግሌው ቀኝ ጎናቸውን ወደሱ አዙረው መቀመጣቸውን ልጁ ልብ አለ።

«ግራ ጆሮዎ መስማት ያቆመው ከመቼ ወዲህ ነው?»

«ኧረ ቆይቷል። ድምፅ ማጉያው ሁልጊዜ በዚያ በኩል ነበራ። የአባትህም እንዲሁ ነበር።»

«አውቃለሁ። መጨረሻው ላይ አጠገቡ ሆኜ ስጠራው አይሰማኝም ነበር» አለ ሃይሰም። «እኛን በየዓመቱ ጆሯችንን ይመረምሩናል። ስንጫወት ጆሯችን ውስጥ የምንከታት ትንሽ መድፈኛ አለች፤ ዜማውን ታሰማለች፣ ጩኸቱን ትቀንሳለች።»

በሌላ ቀን ቢሆን ኖሮ ኡስታ ሸውቂ ጆሮውን ደፍኖ ሙዚቃ የሚጫወት ሰው አለ ሲባል በሳቅ ይፈነዱ ነበር። አሁን ግን ባዩሚ ትዝ አላቸውና ደንቆሮ ጆሯቸውን በእጃቸው ዳሰሱ። እውነቱን ለመናገር፣ እኛ ትምህርት የምንለው ብዙ ጊዜ ይኸው ነው፤ የአባት ጉዳት በልጁ እንዳይደገም አንድ ሰው አስቦበት ጽፎ ያስቀመጠው ነገር።

ሽማግሌው የሆዳቸውን አወጡት። «ስማኝ ሃይሰም፣ ሌላው ሁሉ ወሬ ነው። ልጄን ሰው ‘የዚያ የአዝማሪ ልጅ’ ሲላት በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ሰርግ ላይ እናጫውታቸዋለን፣ ያጨበጭቡልናል፣ በማግስቱ ግን ሴት ልጃቸውን አይድሩልንም። እኔ ችዬዋለሁ። እሷ ስትችለው ማየት ግን አልፈልግም።»

ሃይሰም ይህ ሐሰት ነው ብሎ ሊያጽናናቸው አልሞከረም። ይህ ልጅ ጨዋ ነው የምላችሁ ለዚህ ነው። ያለው ነገር ቢኖር ይህ ብቻ ነው፦ «ስምንት ሰዓት ሩቅ ነው። ዐሥር ደቂቃ ብቻ ይስጡኝ። የሁለተኛ ዓመት ተማሪዎች ዛሬ የእርስዎን የሙሽራ መግቢያ ዜማ ይለማመዳሉ። ሰምተው ከሳቁብን፣ ሩሽዲ ድረስ እኔው እሸኝዎታለሁ።»

ትራሙ ነፍስ ዘርቶ ሻጥቢ ሲደርስ ኡስታ ሸውቂ ወረዱ። የወረዱት ሊስቁ ነው።

እውነትም ሳቁ። የልምምዱ ክፍል በር ላይ ቆመው ሲያዳምጡ ስድስት ወጣቶች ዜማውን እየተጫወቱ ነው። አንደኛው ሐረግ ጥሩ፣ ሁለተኛው ጥሩ፤ ሦስተኛው ላይ ግን ሁሉም በአንድ ላይ ዘለው ሁለት ምት ጎረዱ። አንዴ ስተው ቢሆን ደግ፤ ደግመውም ጎረዱት። በሦስተኛው ዙር ኡስታ ሸውቂ ግድግዳውን ተደግፈው እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። ተማሪዎቹ መጫወታቸውን አቁመው ዞር አሉ።

ሃይሰም እንግዳው ማን እንደሆኑ ሲነግራቸው የልጆቹ ዐይን ፈጠጠ። ቫዮሊን የያዘችው ሚርና የምትባል ተማሪ የሚያስቀው ምን እንደሆነ በትሕትና ጠየቀች። ጎደሎው ሆን ተብሎ የተደረገ መስሏቸው «የሸውቂ ዝላይ» የሚል ስም አውጥተውለት፣ በትክክል ለመጫወት ሁለት ሳምንት እንደለፉበትም ነገረቻቸው።

«ምን ዝላይ አመጣው ልጄ» አሉ ሽማግሌው እንባቸውን እየጠረጉ። «ይህ ዜማ ሰርግ ላይ በካሴት ሲቀዳ የሙሽራው አጎት መድረክ ላይ ወጥቶ በመሃል እጄን ጨበጠኝ። በአንድ እጅ አኮርዲዮን መጫወት ይቻላል እንዴ? ሁለት ምት ጠፋ፣ በቃ።» ከዚያ ወደ ሃይሰም ዞሩ። «አየህ? ይሄ ነው ኮሌጅህ። ስህተት ነው የሚያስተምራችሁ።»

ሃይሰም አልተበሳጨም። «ልክ ነዎት። እኛ ያለን ያ ካሴት ብቻ ነው። የእርስዎ ነው ብለን ስህተትዎን ሳይቀር አክብረን አጠናነው። ትክክሉን ቢሰጡን ኖሮ የት በደረስን?»

ከተማሪዎቹ አንዱ የኮሌጁን አኮርዲዮን ለኡስታ ሸውቂ አመጣላቸው። ማሰሪያውን ትከሻቸው ላይ አድርገው ሲያበቁ እጃቸው ሳያዙት ወደ ኪሳቸው ሄደና መሐረብ አወጣ። የድሮ ባለሙያዎች ልማድ ነው፤ ደቀ መዝሙር ጣታቸውን አይቶ እንዳይሰርቅ ቀኝ እጃቸውን በመሐረብ ሸፍነው ይጫወታሉ። የሸውቂ ጌታም እንዲህ ያደርጉ ነበር። እኚያ ሰው ለሙሽሪት መሰነባበቻ የሚጫወቱት አንድ ዜማ ነበራቸው፤ ሰርገኛውን ሁሉ ያስለቅስ ነበር። ያኔ ልጅ የነበረው ሸውቂ ግማሹን ሰረቀ። ሌላው ግማሽ ከመሐረቡ ሥር እንዳለ ጌታው ሞቱና አብሮ ተቀበረ። አርባ ዓመት ሙሉ ሸውቂ ያን ዜማ ሊጨርሱት ሞክረው አልሆነላቸውም።

ልጆቹ የእሳቸውን እጅ ትኩር ብለው ያያሉ። ሽማግሌው መሐረቡን ወደ ኪሳቸው መለሱና ተጫወቱ፤ ሦስተኛውን ሐረግ፣ ከነሁለቱ ምቶች፣ ከሩቧ ድምፅ ጋር። ሚርና ከፊታቸው ተቀምጣ ዜማውን በኖታ ምልክት ወረቀት ላይ ቶሎ ቶሎ ትጽፋለች። ሲጨርሱ ቫዮሊኗን አነሣችና ያን ወረቀት እያየች መልሳ ተጫወተችላቸው። አልዘለለችም። ሩቧንም ዝቅ አድርጋ፣ ልክ እሳቸው በሚያስቀምጧት ቦታ አስቀመጠቻት።

ኡስታ ሸውቂ የራሳቸውን አጨዋወት ከሌላ ሰው እጅ ሲሰሙ በሕይወታቸው የመጀመሪያቸው ነበር። ስድስት ዓመት የፈጀባቸውን ነገር ይህች ልጅ ዐሥር ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ ወሰደችው፤ የተሰረቁም አልመሰላቸው። ወረቀቱን ተቀብለው አገላበጡት፤ ኖታ ማንበብ ስለማይችሉ ምኑም አልገባቸውም፣ ከላይ በዐረብኛ የተጻፈውን የገዛ ስማቸውን ግን አነበቡ።

«መዝገብ ቤቱ በየት በኩል ነው?» አሉ።

መዝገብ ቤቱ ደጃፍ ላይ ረጅም ሰልፍ ነበር። ከፊታቸው የቆመ አንድ አባት፣ በመልኩ የመንግሥት ሠራተኛ የሚመስል፣ ልጁ በለቅሶ አስገድዶት እንደመጣ እየነገራቸው ‘ኧረ ለመሆኑ ከዚህ ወጥተው ምን ሊሆኑ ነው’ እያለ ያማርራል። ኡስታ ሸውቂ ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። ሃይሰም ከኋላቸው ቆሞ ከንፈሩን ነክሶ ሳቁን ዋጠ።

«ምን ነካህ ወንድሜ!» አሉት፣ ነገሩን ዕድሜ ልካቸውን ሲሰብኩት እንደኖሩ ሁሉ። «የጻፈ ሰው ዜማው አይጠፋበትም፤ ሲሞት አብሮት አይቀበርም። ኖታ ማንበብ ከቻለ ዛሬ ሰርግ ነገ ሆቴል፣ ከነገ ወዲያ መርከብ ላይ፣ ያላወቀውን ዘፈን አቅርበውለት ይጫወታል፤ እኔ ግን ያልሰማሁትን ዘፈን ስጡኝ ብትሉኝ ድንጋይ ነኝ። ድምፅ መቅዳትና ማስተካከል ይማራሉ፤ ሰርግ በሌለበት ወር እንኳ ሥራ አያጡም። ውል ሲያስፈርሟቸው አንብበው ነው የሚፈርሙት። የእኔን ዜማ ስንቱ ዘፋኝ በስሙ አወጣው፣ ምን አልኩት? ምንም። ደግሞ ጆሯቸውን ይጠብቃሉ። አንተ በየትኛው ጆሮህ ነው የምትሰማኝ?»

ሰውየው ግራ ተጋብቶ በሁለቱም ጆሮው እንደሚሰማ ተናገረ።

«እኔ በአንዱ ነው» አሉ ኡስታ ሸውቂ። «ሥራው ቀላል ነው አልልህም፤ ስንፈልገው የሚጠፋበት ወር አለ። ግን የሚማሩት ልጆች እኛ በጨለማ የዳበስነውን መንገድ ዐይናቸውን ገልጠው ነው የሚሄዱት።»

ተራቸው ደረሰ። ጸሐፊዋ የሻዛን ስም፣ የትውልድ ዘመን፣ የምትጫወተውን መሣሪያ ጠይቃ መዘገበች። የአባቷንም መታወቂያ ተቀብላ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«የአባት ሥራ?»

ኡስታ ሸውቂ በልጃቸው ትምህርት ቤት ሁሉ፣ ከመጀመሪያው ክፍል ጀምሮ፣ ይህን ሲጠየቁ «ነጋዴ» ሲሉ ኖረዋል። መታወቂያቸውም የሚለው ይህንኑ ነው።

«ሙዚቀኛ» አሉ።

ጸሐፊዋ መታወቂያውን አየት አድርጋ እዚህ ላይ የተጻፈው ሌላ ነው አለቻቸው።

«እሱን እኔ አስቀይረዋለሁ። አንቺ ልጄ፣ እውነቱን ጻፊ» አሉና ማስረጃውን ከውስጥ ኪሳቸው አውጥተው አስረከቧት።