አራጋው ጎንበስ ብሎ ያነሳው

የተከበራችሁ ቄሶቻችን፣ እናቶቼና አባቶቼ፣ ከራማት ኤሽኮልም ከአጋሚምም ሰፈር ሥራ ጥላችሁ የመጣችሁ ወዳጆች፣ የኢሪያ፣ የማዘጋጃ ቤቱ፣ የሥራ ባልደረቦቻችን፤ እግዚአብሔር ሁላችንንም ያጽናን። ዘርትሁን፣ ልጄ፣ አንቺን ደግሞ በተለይ ያጽናሽ።

እኔ ደርሶ ነኝ። ከአባትሽ ጋር የአሽቀሎንን ባሕር ዳር አሥራ ስድስት ዓመት ጠርገናል። ልናለቅስ ነው የመጣነው፤ እናልቅስ። ግን አንገቱን ደፍቶ የሚያለቅስ ካለ ቀና ይበል! አራጋው የሚያኮራ ሰው ነበር።

ባለፈው ሳምንት ሆስፒታል ተኝቶ አንድ ነገር ጠየቀኝ። «ደርሶ፣ ያን ክፍል ማን ይይዘዋል?» አለኝ። ወንድሜ እየሞተ ጠየቀኝ፣ እኔ ትራሱን አስተካክዬለት ወጣሁ።

ክፍሉን ለማታውቁት፣ ከሕንፃችን ሥር ያለው ሚክላት ነው፤ ሮኬት ሲመጣ የምንገባበት። አራጋው ዙሪያውን በመደርደሪያ ሞልቶት ነበር። ዘንድሮ ሮኬቱ በዛና የሕንፃው ኮሚቴ ሰብሳቢ ኢላን «እስከ ዓርብ ባዶ ይሁን» አለ። አልፈርድበትም፤ ሰው የት ይጠለል? ዘርትሁን ግን ከትናንት ጀምሮ «አባቴን ሁለት ጊዜ ልቀብረው ነው ወይ?» ትላለች።

ምን ነበር እዚያ ውስጥ? እኛ ስንጠርግ የሚታየን ቆሻሻ ነው። አራጋው ግን ጎንበስ ይላል። ባሕር ያለሰለሰው የጠርሙስ ስባሪ፣ የዓሣ መንጋጋ፣ ከየት አገር ተንሳፍፎ እንደመጣ የማይታወቅ ፍሬ፣ የድሮ ወታደር የካፖርት ቁልፍ። የጥንት ዕቃ ሲያገኝ ለመንግሥት ያስረክባል፤ ሌላውን ወደ መደርደሪያው። ለእያንዳንዱም በሲጋራ ካርቶን ላይ ይጽፍለታል። ቁልፉ ላይ ምን ጻፈ? «ወልቆበት አለቃው ሳይቆጣው አልቀረም።» እኔ እስቅ ነበር። «የከተማው ቆሻሻ ሁሉ ወዳንተ ነው እንዴ የሚጫነው?» እለው ነበር። ምላሴን ይቁረጠው!

በሐምሌ ሙቀት አንድ ማለዳ፣ አሸዋ የሚያበጥረው ትራክተር እየመጣ ነው። አሸዋው ላይ የሆነ ዱካ አለ። እኔ አለፍኩት። አራጋው ግን ጎንበስ አለ። «ኤሊ ናት፤ እንቁላል ጥላለች» አለ። ነጂው አልሰማም። አራጋው ምን አደረገ? ተጋደመ! ትራክተሩ ፊት በጀርባው ተጋደመ! መናሄላችን፣ አለቃችን፣ እየሮጠ መጣ፤ «አታ ሜሹጋ? አብደሃል?» ብሎ ጮኸበት። «ኬን፣ አዎ» አለው አራጋው፣ ረጋ ብሎ። የተፈጥሮ ጥበቃ ሰዎች መጥተው እንቁላሎቹን እስኪያጥሩ ከዚያ አልተነሳም። በማግስቱስ? ደገኛው ወዳጄ ከአጥሩ አጠገብ አንድ ሳህን ውኃ አስቀምጦ አገኘሁት። «ባሕሩ ጨው ነው፤ እናትየው ስትመለስ ይጠማታል» አለኝ። እንደ ዶሮ ተመልሳ የምትታቀፍ መስሎት! ሆዴን ይዤ ሳቅሁ። ጫጩቶቹ ወደ ባሕር ሲወርዱ ግን እሱም አለቀሰ፣ እኔም አለቀስኩ።

ሌላ ቀን ደግሞ፣ የጥንቱ ከተማ ቁፋሮ አጠገብ ስንጠርግ፣ ታሊ የምትባል የቁፋሮ ባለሙያ የገንቦ እጀታ ለተማሪዎች ታሳያለች። እጀታው ሥር የአውራ ጣት ምልክት አለ። «ይህ ጌጥ ነው» አለች። አራጋው መጥረጊያውን አስደግፎ ጠጋ አለ። በዚያች ኡልፓን፣ የአዲስ መጤ ትምህርት ቤት፣ በተማራት ዕብራይስጡ፣ «ጌጥ አይደለም። እጀታው እንዳይነቀል ሠሪዋ በጣቷ ተጭናው ነው። ደግሞም ግራኝ ናት» አላት። ተማሪዎቹ ሳቁ። እሷ ግን አልሳቀችም፤ ከሣጥን ሌሎች ሦስት እጀታዎች አወጣች። የሦስቱም የጣት ምልክት ወደዚያው ወገን ያዘነበለ! «የት ነው የተማርከው?» አለችው። «እናቴ ዘንድ፣ ጭቃ ስረግጥላት» አላት።

ሰማችሁ? ጎንደር ሳለን ሸክላችንን ገዝተው እኛን ቤተ እስራኤሎችን «ቡዳ» እያሉ የሸሹን ነበሩ። ያ እጅ ነው እዚህ መጥቶ ለምሁር ያስተማረው። እንዴት አንኮራ? እኔ ኮራሁ፤ መጥረጊያዬን ይዤ እንደ ጄኔራል ነው የቆምኩት!

አራጋው፣ ሆስፒታል ያልመለስኩልህን አሁን እመልሳለሁ፤ ሰው ሁሉ ይስማ። እኔ እይዘዋለሁ። ዛሬ ሶፋው ከሳሎኔ ይወጣል፤ መደርደሪያህ ይገባል። ዘነበች፣ ባለቤቴ፣ እንዲህ አታፍጪብኝ፤ አልነገርኩሽም፣ አውቃለሁ። እንግዳም ወንበር ላይ ይቀመጣል! ዘርትሁን፣ አንቺ ሰባቱን ቀን ለሐዘንሽ ተቀመጪ፤ አንዲት ዕቃ እንዳታነሺ። እኛ እንሸከማለን። ኢላን፣ አንተም ትሸከማለህ።

ሂድ እንግዲህ፣ ወንድሜ። የአባቶቻችን አምላክ በሰላም ይቀበልህ። ቤቴ ገብቶ «ይህ ምንድን ነው?» ለሚለኝ ሁሉ፣ ያንተን ያህል ባላውቅም፣ «ይህን ያነሳው አራጋው ነው» እለዋለሁ።