ሳይጠረግ የታየ ካንዴላ

በዚያ ሰፈር ጢስ ሲታይ እሳት ተነሣ ብሎ የሚደነግጥ አልነበረም፤ የማን ጢስ እንደሆነ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ጠዋት ጠዋት ሰማያዊው ጢስ በጠባቡ መንገድ ላይ ሲዘረጋ እናቶች መስኮት ይዘጋሉ፣ ሱቅ የሚከፍቱ ሰዎች አፍንጫቸውን በመዳፋቸው ይይዛሉ፣ ከጢሱም ውስጥ አንድ አሮጌ የጭነት መኪና እየተንገጫገጨ ብቅ ይላል። መሪውን የጨበጡት አዛውንት ግን ጢማቸው የተላጨ፣ ጫማቸው የተወለወለ፣ ሸሚዛቸው እንደ ወተት የነጣ ነበር። የሰፈሩ ሰው «ባለ ነጭ ሸሚዙ» ይላቸዋል። ከእንዲህ ያለ ጢስ እንዲህ ያለ ሸሚዝ እንዴት እንደሚወጣ የሚገርመው ብዙ ነበር፤ ደፍሮ የጠየቃቸው ግን አልነበረም።

ሸሚዙን የሚያጥቡት ራሳቸው ናቸው። ሚስታቸው ካረፈች ወዲህ በዚያ ቤት የሚናገር ሬዲዮ ብቻ ነው። ማታ አንድ ሳህን ያጥባሉ፣ አንድ ኩባያ ይደፋሉ፤ ሁለተኛው ሳህን ከመደርደሪያው አይወርድም፣ አቧራው ግን ይጠረግለታል። ጎረቤት «እንዴት ነዎት?» ሲላቸው «ደህና ነኝ፣ ተመስገን» ይላሉ። መልሱ ፈጣንና ንጹሕ ስለሆነ ሌላ ጥያቄ የሚገባበት ቀዳዳ የለውም። እያደር ጠያቂውም ሳሳ።

ከሰው ጋር የምታገናኛቸው ያቺ መኪና ነበረች። ከጡብ ፋብሪካው ጡብ እየጫኑ ዳገቱ ላይ ወደሚሠሩት ቤቶች ያመላልሳሉ። ጫኚዎቹ ያሾፉባቸዋል፣ ግንበኞቹ ከሩቅ ይጠሯቸዋል፣ ቀኑ በሰው ድምፅ ተሞልቶ ያልፋል። በዚያ ሰሞን ግን መኪናዋ ዳገቱ መካከል ላይ ትንፋሽ እያጠራት መቆም ጀመረች። የፋብሪካው የጭነት ኃላፊ ሰው ማስቀየም የማይወድ ነውና ዓይኑን መሬት ላይ ጥሎ፣ ከእንግዲህ አንድ ጊዜ ዳገት ላይ ከቆመች ሌላ መኪና ለመጥራት እንደሚገደድ ነገራቸው።

ያ ምን ማለት እንደሆነ ያውቁታል። የእህታቸው ልጅ መኪናዋ ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጣ እሳቸው ከሱ ጓሮ ባለችው ክፍል እንዲቀመጡ ሲለምናቸው ቆይቷል። ልጁ ደግ ነው፤ ክፍሏም ጽዱ ናት። አንድ ወንበር አላት፤ መስኮቷ የሚያየው ግድግዳ ነው።

በዚሁ ሐሳብ ተውጠው ወደ ለመዱት የመለዋወጫ ሱቅ ሄዱ። ባለ ሱቁ የጥንት ወዳጃቸው ናቸው፤ ሁለቱ ሽማግሌዎች ቃል ሳያባክኑ ነው የሚገበያዩት። አንዱ አራት ጣት ያሳያል፣ ሌላው አራት ካንዴላ ያወርዳል፤ ካንዴላ እንግዲህ በሞተሩ ውስጥ ቤንዚኑን በብልጭታ የምታቀጣጥለው የጣት ርዝመት ያላት ዕቃ ናት። የዚያን ቀን ግን ከባንኮኒው ጀርባ ያገኙት የባለ ሱቁን ሴት ልጅ ነበር። አባቷ ከመሰላል ወድቀው ወገባቸውን ስለተጎዱ፣ በአንድ የቴክኒክ ትምህርት ቤት የምታስተምረው ልጅ ፈቃድ ወስዳ ሱቁን ይዛለች። ሾፌሩ አዝነው፣ ወደ በሩ ዘወር ሊሉ ሲሉ ዝናቡ ቆርቆሮውን መደብደብ ጀመረ። መቼም ዝናብ ያስጠለለው እንግዳ ሳይጫወት አይወጣም።

ከኪሳቸው መሐረብ አውጥተው ባንኮኒው ላይ ዘረጉ። በውስጡ ቀደም ሲል ከሞተሩ የተለወጡ አራት አሮጌ ካንዴላዎች እንደ ብር ማንኪያ ያብለጨልጩ ነበር። የሚጠመዘዝበት ጥርስ እንዲገጥም ለናሙና ያመጧቸው መሆኑን፣ ዛሬ ግን የሚፈልጉት እነዚህን ሳይሆን ሌሎች ሾፌሮች የሚያወድሱትን፣ ጫፉ እንደ መርፌ የቀጠነውን ውዱን ዓይነት መሆኑን አስረዷት። እሳቱ ብርቱ ነው ይባላል።

ልጅቱ አንዷን አንሥታ አገላብጣ አየችና፣ «ጋሼ፣ ይቺ ከስንተኛው ሲሊንደር የወጣች ናት?» አለቻቸው።

ሲሊንደር ቤንዚኑ የሚነድበት የሞተሩ ክፍል ነው፤ መኪናዋ አራት አላት። ጥያቄው ግን አልገባቸውም። ካንዴላዎቹን አውጥተው ሁሉንም ቤንዚን ባለበት ጣሳ ይነክሯቸዋል፣ በሽቦ ብሩሽ ይፈትጓቸዋል፣ በጨርቅ ያደርቋቸዋል፤ ከዚያ እጃቸው የገባችውን ባገኙት ቀዳዳ ይመልሳሉ። ይህንኑ በኩራት ነገሯት። በዚህ ሙያ ያሳደጓቸው ሰው ካንዴላው የጸዳ ሞተር አይከዳም ይሉ እንደነበርም ጨመሩላት።

«እንግዲያውስ ልሸጥልዎት አልችልም» አለች።

ሾፌሩ በዕድሜያቸው አልሸጥም የሚል ነጋዴ ገጥሟቸው አያውቅም። «አባትሽ ይህን ቢሰማ ወገቡን ረስቶ ከአልጋው ይነሣ ነበር» አሏት።

«ቢነሡልኝ ደስታዬ ነው» ብላ ፈገግ አለች። «ግን አይቆጡኝ ጋሼ። ያ ውዱ ካንዴላ ለታመመ ድድ የወርቅ ጥርስ ነው። ሲያዩት ያምራል፤ ድዱ ግን ያው መድማቱን አይተውም። መጀመሪያ የትኛው ሲሊንደር እንደታመመ ማወቅ አለብን፤ እነዚህ ደግሞ ምንም አይነግሩኝም።»

«ምን እንዲነግሩሽ ነው የምትፈልጊው? ጥላሸት?»

«አዎ፣ ጥላሸቱን ነው የምፈልገው። ከሞተሩ ሆድ ውስጥ ውሎ የሚወጣ መልእክተኛ ካንዴላ ነው። ደርቆ ቡናማ ሆኖ ከወጣ ያ ክፍል ጤነኛ ነው። ደረቅ ጥቁር ዱቄት ከለበሰ ቤንዚን በዝቶበታል። ረጥቦ ካብለጨለጨ ደግሞ ዘይት እየገባበት ነው። እርስዎ ግን መልእክተኛውን ደጅ ላይ ይዘው ወሬውን ከአፉ አጥበው ነው የሚያስገቡት።»

«የኔ ልጅ፣ ሰው ቤት ቆሻሻ ይዞ አይገባም። እኛ ያደግነው እንዲህ ነው። ገበናን መሸፈን ደግሞ ነውር ሆኖ አያውቅም።»

«ለጎረቤት መሸፈኑ ደግ ነው። ግን በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባል የለ?»

«እሱንም ያስተማርናችሁ እኛ ነን» አሉ ቆጣ ብለው።

ካንዴላዎቹን በመሐረባቸው ጠቅልለው ወደ በሩ ሄዱ። ዝናቡ ግን አላሳልፍ ስላላቸው ጀርባቸውን ለልጅቱ ሰጥተው ቆሙ። መኪናዋ ከሱቁ ደጅ በቆርቆሮው ጥላ ሥር ቆማለች። ለብዙ ጊዜ አዩዋት። ልጅቱም ብልህ ነበረችና ዝምታውን አልነካችውም። ብዙ የተማሩ ወጣቶች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ ሽማግሌ ዝም ሲል የተሸነፈ መስሏቸው ሌላ ማስረጃ ይደራርቡበታል። ዝም ያለ ሰው ብዙ ጊዜ የሚናገረውን እየፈለገ ነው።

ሾፌሩ ፊታቸውን ሳያዞሩ፣ «ዳገቱ ላይ አንድ ጊዜ ከቆመች ሥራዬን ይወስዱታል» አሉ። ቆየት ብለውም፣ «ከዚያ በኋላ ጠዋት ተነሥቼ የምሄድበት የለኝም» ሲሉ ጨመሩ።

ይህን ለማንም ተናግረውት አያውቁም ነበር። ልጅቱ ከንፈር አልመጠጠችም። ጢሱ የሚብሰው መቼ መቼ እንደሆነ ጠየቀቻቸው። ይህንስ ያውቁታል፦ ጠዋት ሲያስነሷትና ረጅም ቁልቁለት ወርደው እንደገና ቤንዚን ሲሰጧት። ይህን ስትሰማ ራሷን ነቀነቀችና የካንዴላ መፍቻውን ከመደርደሪያ አወረደች።

የመኪናዋን የሞተር ክዳን አነሡ። ሞተሩ ላይ የነበሩት ካንዴላዎች ትናንት የተጠረጉ ቢሆኑም ዛሬ ጭነት ተመላልሶባቸዋል። ሾፌሩ የመጀመሪያዋን ፈተው ሲያወጡ ግራ እጃቸው ሳያዙት ወደ ጨርቁ ሄደ። ልጅቱ ጨርቁን እንድትይዝላቸው ጠየቀቻቸው፤ እሳቸውም ልብሳቸውን እንደሚያወልቁ ያህል አፍረው ሰጧት። አራቱን በየተራቸው እያወጡ፣ እንዳሉ፣ በአሮጌ ጋዜጣ ላይ ደረደሯቸው።

ሦስቱ እንደ ደረቅ ቅጠል ቡናማ ነበሩ። ሁለተኛዋ ግን ጠቁራ፣ ረጥባ፣ ዘይቱ ከጫፏ ይንጠባጠብ ነበር።

«ይዩዋት» አለች ልጅቱ። «ሞተሩ ሁሉ አርጅቷል ይሉዎታል አይደል? የታመመው አንዱ ነው። ሦስቱ ደህና ናቸው።»

ሾፌሩ ጋዜጣው ላይ እንዳጎነበሱ ቀሩ። ስንቱ መካኒክና ስንቱ መንገደኛ ይቺ መኪና አልቆላታል እያለ ሲፈርድባት ሰምተዋል። ደህና ነገር አላት ያላቸው ሰው ግን ይቺ የመጀመሪያዋ ናት።

ከዚያ በኋላ ክርክሩ የጠላትነት መሆኑ ቀርቶ የሥራ ሆነ። ልጅቱ እያንዳንዷ ካንዴላ ላይ የተጻፈው ቁጥር የጫፏን ሙቀት እንደሚናገር አስረዳቻቸው። ጫፉ ቶሎ የሚቀዘቅዝ ከሆነ የሚገባበትን ዘይት ማቃጠል ስለማይችል ታፍኖ ብልጭታው ይጠፋል። ስለዚህ ለሁለተኛው ሲሊንደር ብቻ በአንድ ደረጃ ይበልጥ የሚሞቅ ካንዴላ፣ ለሦስቱ ግን የራሳቸውን ቁጥር መረጠችላቸው።

«ሙቀቱ መድኃኒት ከሆነ ለአራቱም ለምን አትሰጪኝም?» ሲሉ ተከራከሩ።

«ላልታመመ ሰው መድኃኒት ይሰጣል? ጤነኛው ክፍል ውስጥ ከመጠን በላይ የሞቀ ካንዴላ፣ ያውም ጭነት ይዘው ዳገት ሲወጡ፣ ራሱ ፍም ይሆናል። ብልጭታውን ሳይጠብቅ ቤንዚኑን ያነደዋል፤ ፒስተኑን፣ በውስጡ የሚመላለሰውን ብረት፣ እስከ መብሳት ይደርሳል። ለሁለተኛውም ቢሆን ጊዜ መግዣ ነው እንጂ ፈውስ አይደለም። ጢሱ ጠዋትና ቁልቁለት ላይ የሚብሰው በቫልቩ፣ በሲሊንደሩ መክፈቻና መዝጊያ፣ ላይ ያለችው ዘይት የምታግድ ትንሽ ላስቲክ ስላረጀች ይመስለኛል። መካኒኩ ከፍቶ ይያት። እሷ ስትቀየር ካንዴላውንም ወደ ራሱ ቁጥር ይመልሱታል።»

«ሽቦ ብሩሼንስ ምን ላድርገው?»

«አይጣሉት። ካዩ በኋላ መጥረግ ነውር የለውም።»

በማግሥቱ መኪናዋ ጡብ እንደተሞላች ዳገቱን ተያያዘችው። ሾፌሩ ማርሽ ቀንሰው፣ የመስኮቱን መስታወት አውርደው፣ ጆሯቸውን ለሞተሩ ሰጡ። ሁልጊዜ የምትታፈንበት ቦታ ሲደርሱ እግራቸው ፍሬኑን ለመርገጥ ተዘጋጅቶ ነበር። ድምፁ ከበደ፤ አልተቆራረጠም። የኤሌክትሪክ ምሰሶው ወደ ኋላ ቀረ፣ የድንጋይ አጥሩ ወደ ኋላ ቀረ፣ ከዚያ መንገዱ ተስተካከለ።

ከላይ ሲደርሱ ግንበኞቹ እንደ ወትሮው ጡቡን ማውረድ ጀመሩ። ለነሱ መኪና መጣ፤ አለቀ። ሾፌሩ መሪውን እንደያዙ ተቀመጡ። ምሥራች ሲኖር የሚሄዱበት ቤት እንደነበራቸው፣ ከደጅ ድምፃቸውን ሰምታ ምን ተገኘ ብላ የምትወጣ ሰው እንደነበረቻቸው በዚያች ደቂቃ ከብዙ ጊዜ በኋላ ትዝ አላቸው። መከራን ብቻውን የሚችል ሰው ብዙ ነው፤ ደስታን ለብቻ መቻል ግን ከዚያ ይከብዳል።

የዚያች ትንሽ ጥንቃቄ ጥቅም በኋላ የታየ ነው። መካኒኩ ላስቲኳን ቀየራት፤ ሞተሩ በሙሉ መፈታት አላስፈለገውም። መኪናዋ የምትጠጣው ዘይት ቀነሰ፣ እናቶችም ጠዋት መስኮት መክፈት ጀመሩ፣ ሥራውም ከባለቤቱ እጅ ሳይወጣ ቀረ። ሞተር ያለው ሁሉ ይህን ቢይዝ ይጠቀማል፦ ካንዴላ በዋጋው አይመረጥ፤ ለሞተሩ የታዘዘው ቁጥር ይታወቅ፤ ሲወጣ እንደወጣ፣ በየተራው ተደርድሮ ይታይ፤ ሳይታይ አይጠረግ። ሳያዩ ከማጽዳት አይቶ ማዘን ይሻላል፤ ያዘነ ይፈልጋል፣ የፈለገም ያገኛል።

ይህ ሁሉ ግን በኋላ ነው። የዚያን ዕለት ሾፌሩ ጡቡ ወርዶ እንዳለቀ ከዳገቱ ወርደው፣ መኪናዋን ከሱቁ ደጅ አቁመው ሞተሩ እስኪበርድ ጠበቁና ሁለተኛዋን ካንዴላ ፈቱ። ጫፏ ደርቋል፤ ዙሪያዋ ግን አሁንም ዘይት አለበት። በመዳፋቸው ይዘዋት ጥላሸቱ በጣቶቻቸው መካከል እየወረደ ወደ ሱቁ ገቡ።

ልጅቱ ፈቃዷ አልቆ ጠዋት ወደ ማስተማሪያዋ ተመልሳለች። ባንኮኒው ጀርባ ወዳጃቸው ወገባቸውን በትራስ ደግፈው ተቀምጠዋል። እንደ ልማዳቸው እጃቸውን ወደ መደርደሪያው ሰደዱ፤ ሾፌሩ ግን ጣት አላሳዩም። ካንዴላዋን ባንኮኒው ላይ እንዳለች አኖሯት።

ባለ ሱቁ መነጽራቸውን ፈልገው አደረጉ። አገላብጠው አዩ፣ ዘይቱን በአውራ ጣታቸው ፈተጉት።

«ይሄ የዛሬ ነገር አይደለም። መኪናዋ ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ የሆነችው?»

ሾፌሩ በጥላሸት የጠቆሩ ጣቶቻቸውን እያዩ መለሱ።

«ባለቤቴ ካረፈች ጀምሮ። ከዚያ ወዲህ የመኪናዋን ዘይት ማየት ትቼ ነበር። ሁሉንም ነገር ማየት ትቼ ነበር።»

ባለ ሱቁ ካንዴላዋን አስቀመጡ።

«እኔም አልጠየቅሁህም» አሉ። «አራት ጣት ታሳየኛለህ፣ አራት እሰጥሃለሁ።»

ደንበኛ መጥቶ በሩ ላይ ቆመ። ባለ ሱቁ ትንሽ እንዲታገሥ በእጃቸው ምልክት ሰጡት፤ ከዚያም እያቃሰቱ ጎንበስ ብለው ከባንኮኒው ሥር ሁለተኛውን በርጩማ ጎትተው አወጡ።