ወረቀት ሞቷል የተባለ ቀን

— ሄሎ?... ሄሎ! እታለም? ቆይ፣ ቆይ፣ እዚህ ጩኸት ነው፤ ወደ ኮሪደሩ ልውጣ... ይቅርታ ወንድሜ፣ እግርህን ሰብሰብ አድርግልኝ... አመሰግናለሁ። ኮምፒውተሬን አደራ... ወይ ተወው፣ ይዤው እወጣለሁ... እሺ፣ ወጣሁ። ትሰሚኛለሽ?

— እኔም እሰማሻለሁ። ደህና ነኝ። አንቺስ? አባባስ?... ተመስገን።

— አዎ፣ እዚያው ጉባኤው ላይ ነኝ። ዛሬ ሁለተኛ ቀኑ ነው... የምን ጉባኤ ማለት? ነግሬሽ የለ! እናንተ መጋዘን የገባው ፕሮግራም፣ ዕቃ ገባ ዕቃ ወጣ እያልሽ የምትሞዪው፣ የሱ ባለቤቶች ያዘጋጁት... አዎ፣ እሱ። አንቺ «ዝንጉው» የምትዪው።

— ምሳማ በልቻለሁ... ዳቦ ነው። መሃሉ ላይ አንድ ነገር አለ፣ ምን እንደሆነ አልጠየቅኩም። ቆሜ ነው የበላሁት። እዚህ ሰው ሁሉ ቆሞ ነው የሚበላው፤ ወንበር የሚሰጡሽ ንግግር ሲኖር ብቻ ነው።

— ኧረ አክብረውኛል! አንገቴ ላይ ካርድ አንጠልጥለውልኛል... ምን ይላል? «ሌሎች» ይላል... አትሳቂ! «ደንበኛ» አለ፣ «አጋር» አለ፣ «ጋዜጠኛ» አለ። ጦማሪ የሚባል ዝርዝራቸው ውስጥ ስለሌለ «ሌሎች» ውስጥ ከተቱኝ። ከእኔ ጋር «ሌሎች» የሆነው አበባ ያመጣው ሰውዬ ነው። እሱም አበባውን አስቀምጦ ሄደ።

— መቀመጫዬ ከኋላ ነው፣ መጸዳጃ ቤቱ በር አጠገብ። ግን ሶኬት አለው። ጎኔ ያለው ጦማሪ ሶኬቱን እንደ አባቱ ርስት ይዞት ነበር፤ ትናንት ከሰዓት ተለማምጬ ግማሹን አስለቀቅኩት።

— እውነቱን ልንገርሽ? ላሾፍባቸው ነበር የመጣሁት። አቃተኝ። ትናንት አንዲት መሐንዲስ መድረክ ላይ ወጥታ አንድ ቁልፍ አሳየች። «ወደ ኋላ» የሚል ቁልፍ። ያ ስትነኪው የጻፍሽውን ሁሉ የሚያጠፋብሽ፣ እሱን አስተካክላለች። ሁለት ዓመት ለፍታበታለች አሉ። ሰው ሁሉ ፊት ተጫነችው፤ ሠራ። ስምንት መቶ ሰው ተነሥቶ አጨበጨበ፣ ለአንድ ቁልፍ! እኔም ሳላስበው ቆሜያለሁ። እሷ ደግሞ መነጽሯን አውልቃ ዐይኗን ትጠርጋለች... እንዴት ብዬ ላሹፍባት?

— ሥራ አስኪያጁማ ሌላ ነው። ማይኩ ጉንጩ ላይ ተለጥፏል፤ እጁ ነፃ ስለሆነ ሁለቱንም ያወናጭፋል። «መፍትሔ» የሚለውን ቃል ስንቴ እንዳለው ቆጠርኩለት... ስልሳ ሁለት። ችግሩ ምን እንደሆነ አንዴም አላነሣም። ከዚያ ምን አለ መሰለሽ? «ክቡራትና ክቡራን፣ የእኛ ፕሮግራም በገባበት መሥሪያ ቤት ሁሉ ወረቀት ሞቷል!»... አዎ፣ ሞቷል። በትልቁ ስክሪን የተቀዳደደ ወረቀት አሳየን። እኔ ደግሞ ያ ከፕሮግራሙ ጎን ለጎን የምትይዢው ደብተርሽ ትዝ አለኝና ሳቅ ሊገድለኝ...

— እ?... አየሽው? የዛሬ ጠዋቱን ጽሑፌን?... ታዲያ ምነው ድምፅሽ ቀዘቀዘ? አልወደድሽውም?

— እታለም፣ ስምሽን አልጠራሁ፣ መጋዘኑን አልጠራሁ! «አንዲት የማውቃት የመጋዘን ሠራተኛ» ነው ያልኩት... ፎቶውማ አንድ ገጽ ብቻ ነው። የደብተር ገጽ አይቶ ማን ያውቅሻል?... የሻይ ብርጭቆው ክብ? እሱማ አምሮኝ ነው... ማን አወቀው?... አለቃሽ?

— በእጅ ጽሑፍሽ... ወይኔ። ቢሮ ጠሩሽ? ዛሬ?... ወይኔ እታለም። ያ ግድግዳችሁ ላይ የተለጠፈው ማስታወቂያ አልጠፋኝም፣ «ከፕሮግራሙ ውጪ በወረቀት የመዘገበ ከሥራ ይሰናበታል» የሚለው። የአሥራ ሰባት ዓመት እንጀራሽን በአንድ ፎቶ...

— ቆይ፣ አትናገሪ። ተይ፣ አትንገሪኝ። አሁኑኑ አወርደዋለሁ... እሰማሻለሁ፣ አንዴ ብቻ፤ ኮምፒውተሩን ጉልበቴ ላይ ላድርግ... ይኸው ገባሁ። ይኸው «አጥፋ»። «እርግጠኛ ነህ?» ይለኛል ደግሞ። አዎ፣ ነኛ!... ጠፋ። ጠፋልሽ፣ ጽሑፉም ፎቶውም። ስድስት ሺህ ሰው አንብቦታል፤ ከእንግዲህ ግን የሚያየው የለም። በይ አሁን ንገሪኝ። ምን አሉሽ?

— ምን?... አለቃሽ «ለሁሉም አንብቢላቸው» አሉሽ?... ሁሉም ማን ነው?... መጋዘኑ በሙሉ? አሁን? ስክሪኑ ፊት ተሰብስባችሁ?... እና ከፊታችሁ ብን አለ?

— «ማን አጥፋ አለህ» ትያለሽ ደግሞ! «ቢሮ ጠሩኝ» ስትዪኝ ምን ላስብ? ወሬ ከመሃሉ ይጀመራል እንዴ?... እሺ፣ አላስጨረስኩሽም። ልክ ነሽ... ከልጅነቴም አላስጨርስም፣ ልክ ነሽ። ይጻፍብኝ።

— እና አልተቆጡም?... ተቆጥተዋል። በምን?... «አለቃዋ ስለ ደብተሩ አያውቅም» ስላልኩ? ለዚህ?... ደብተሩን የሚገዙልሽ እሳቸው ናቸው?! በየሦስት ወሩ?... ማስታወቂያውንስ ማን ለጠፈው?... እሱንም እሳቸው። ገባኝ። ማስታወቂያው ከላይ ለሚመጣ ሰው፣ ደብተሩ ለሥራው። ኧረ ጎበዝ ናቸው! አየሽ፣ ሦስት ዓመት ስጽፍ የተማርኩት ይኼን ነው፤ ሰው ምስጢሬን አወጣህ ብሎ እንደሱ አይቆጣም፣ «አያውቅም» ስትዪው ነው የሚቆጣው።

— አንዴ እታለም... አቤት?... አዎ፣ እኔ ነኝ። «ሌሎች»፣ አዎ... ስንት ደቂቃ ቀረኝ?... እሺ፣ እመጣለሁ... ሄሎ? አለሽ? አስተባባሪዋ ናት። አልነገርኩሽም ለካ! ጽሑፉን መድረክ ላይ አንብብ ብለውኛል... እውነቴን ነው! ያቺ የቁልፏ መሐንዲስ ናት «ይነበብልን» ያለችው። ሥራ አስኪያጁ ከፊት ተቀምጦ ይሰማል። አሥራ አምስት ደቂቃ ቀርቶኛል። ጽሑፉ ደግሞ ጠፍቷል።

— ቅጂ? የምን ቅጂ? እዚያው ገጹ ላይ ነው የምጽፈው... አዎ፣ ለሰው ሁሉ «ቅጂ ያዙ፣ ቅጂ ያዙ» እያልኩ የምጽፈው እኔው ነኝ። አውቃለሁ። እሱንም ጻፊብኝ።

— ምን አለሽ?... ደብተር ላይ? የእኔን ጽሑፍ? ጠዋት ከቤት ሳትወጪ፣ በእጅሽ? አሁንም ቦርሳሽ ውስጥ ነው? ለምን?

— ለአባባ... አዎ፣ ስክሪን ዐይኑን ያቃጥለዋል። አዎ... ይኼኛውን ብቻ ነው ወይስ... ሁሉንም? ከመጀመሪያው ጀምሮ? ሦስት ዓመት ሙሉ?... ሰባት ደብተር!

— ቆይ፣ ዐይኔን ልጥረግ። እዚህ ኮሪደር አቧራ አለ... እኔኮ አባባ ስለምጽፈው ነገር ትንፍሽ ብሎ ስለማያውቅ ግድም የሌለው ይመስለኝ ነበር... ታዲያ ሲያነብ ምን ይላል?... «ያንዛዛል»። ሌላስ?... «ያንዛዛል እንጂ አይዋሽም»... እሺ። እሺ፣ በቃኝ፣ እሱ ይበቃኛል።

— በይ አንብቢልኝ። ስልኩን በትከሻዬ ይዤ እጽፋለሁ፤ ቀስ እያልሽ። «ወረቀት ሞተ ወደተባለበት መጋዘን... ለቅሶ ልደርስ ሄድኩ። ሟቹን... መሳቢያ ውስጥ አገኘሁት። ሻይ... እየጠጣ ነበር።»... ማን ነው የሳቀው?... አለቃሽ። ጥሩ። ቀጥዪ። «ፕሮግራሙ አርባ የቧንቧ መታጠፊያ ጎሚቶ አለ ይላል። መደርደሪያው ላይ...» ምን ያህል? አዎ፣ ጻፍኩት። «መስመር ሲቋረጥ... ፕሮግራሙ የወጣውን ዕቃ ይረሳል። ደብተሩ... አይረሳም። ደብተሩን የምትይዘው...»

— ሄሎ?... እታለም? ትሰሚኛለሽ?... አለሽ። ታዲያ ምነው ቆምሽ? የቀረውንማ አውቀዋለሁ፣ «አንዲት የማውቃት የመጋዘን ሠራተኛ ናት» ነው የሚለው...

— ... እሱ ነው? ለካ ድምፅሽ የቀዘቀዘው በፎቶው አይደለም።

— እንዳይጎዱሽ ብዬ እኮ ነው!... አውቃለሁ። «የማውቃት» ሲባል መንገድ ላይ ሰላም ብያት የማልፋት ትመስላለች። አውቃለሁ... አባባስ ጠዋት ይቺን ሲያነብ ምን አለ?... «ጎበዝ ሴት ናት፣ ማን ናት?» አለሽ... አንቺስ ምን አልሽው?... «ሻይ ልቅዳልህ?»

— እታለም፣ ስሚኝ። አሁን አልዋሽሽም። ስለ መጋዘን የጻፍኩት አንድም ነገር የራሴ አይደለም። ማታ እራት ላይ ስታማርሪ ሰምቼ ነው የምጽፈው። ሰው «ከየት ተማርከው?» ሲለኝ «በራሴ» እላለሁ... አይ፣ ላንቺ ፈርቼ ብቻ አይደለም። ጎበዝ እንድባልም ነው።

— «እንደፈለግክ» አትበይኝ። ስትከፊ ነው «እንደፈለግክ» የምትዪው... እህቴ ናት ብዬ ብናገር ሥራ አስኪያጁ እዚሁ ነው። ነገ ለመሥሪያ ቤታችሁ ደብዳቤ ቢጽፍብሽስ? አለቃሽ አጠገብሽ ናቸው? እስቲ ስጪያቸው... እንዴት ዋሉ ጋሼ... አዎ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። «ያውቃል» ብዬ አርመዋለሁ... «በደንብ ያውቃል»? እሺ፣ «በደንብ ያውቃል»... ጋሼ፣ ደብዳቤ ቢመጣስ?... «ወረቀት ከሞተ ደብዳቤውን በምን ይጽፉታል» ነው ያሉኝ? እድሜ ይስጥልኝ ጋሼ! እሺ፣ ለእሷ ይስጡልኝ።

— እታለም? ያሉኝን ሰማሽ?... አንቺ ግን ምን ትያለሽ? አንቺ ነሽ ወሳኟ... አቤት? አሁን?... መጣሁ፣ መጣሁ! እታለም፣ ጠሩኝ። አትዝጊው፤ ደረት ኪሴ ውስጥ አደርግሻለሁ፣ እዚያው ሆነሽ ስሚ።

— ... እንደምን ዋላችሁ? ድምፄ ይሰማል?... አመሰግናለሁ። እኔ፣ ካርዴ ላይ እንደምታዩት፣ ሌሎች ነኝ... አመሰግናለሁ። አባቴ ያንዛዛል ስላለኝ በቀጥታ ወደ ንባቡ እገባለሁ። «ወረቀት ሞተ ወደተባለበት መጋዘን ለቅሶ ልደርስ ሄድኩ። ሟቹን መሳቢያ ውስጥ አገኘሁት። ሻይ እየጠጣ ነበር።»... ሳቁ፣ ችግር የለም፣ ሥራ አስኪያጁም ስቀዋል። «ፕሮግራሙ አርባ የቧንቧ መታጠፊያ ጎሚቶ አለ ይላል። መደርደሪያው ላይ ያለው ሃያ አንድ ነው።»

— ... ይቅርታ፣ አንድ ጊዜ። ኪሴ ነው የሚጮኸው... እሺ... እሺ፣ አትቆጪ! ክቡራትና ክቡራን፣ ሠላሳ አንድ ነው። ሃያ አንድ ያልኩት በጥድፊያ ስጽፍ ተሳስቼ ነው። ሠላሳ አንድ ካለች ሠላሳ አንድ ነው።

— አቤት?... ማን ናት?

— አንዲት የማው... አይደለም። ታላቅ እህቴ ናት። ደብተሩ የእሷ ነው። ስለ መጋዘን የጻፍኩት ሁሉ ከእሷ የተማርኩት ነው፤ ሦስት ዓመት ሙሉ ሳልናገር ቆየሁ። አባታችንም «ይቺ ሴት ማን ናት?» ብሎ ጠይቋል አሉ፤ መልሱ ይኸው ነው፣ አባባ፣ ልጅህ ናት።

— አቤት?... ለእሷ? ቆዩ፣ ልጠይቃት። እታለም፣ ትሰሚኛለሽ? ያቺ የቁልፏ መሐንዲስ ናት፤ መጋዘን መጥቼ ደብተሩን እንዳየው ትፈቅድልኛለች ወይ ትላለች... እሺ... እሺ፣ እነግራታለሁ። ትምጣ ትላለች። ግን ጠዋት ከአራት ሰዓት በፊት፤ ከዚያ በኋላ ዕቃ ይራገፋል። ጫማዋንም ዝቅ ያለ ታድርግ።

— ሌላ የምትዪው አለ?... ሄሎ?... እታለም?

— ዘጋችው... አይ፣ መስመር ተቋርጦ አይደለም። ሥራ ላይ ናት።