በክንድ የተመዘነ ቅርንጫፍ

ሽማግሌውን ያገኘኋቸው በአጋጣሚ ገመድ መሸጫው ደጃፍ ላይ ነው። እኔ የልብስ ማስጫ ሲባጎ ልገዛ ስገባ እሳቸው ወፍራም ገመድ ትከሻቸው ላይ ጠምጥመው ይወጣሉ። ጎረቤቴ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን በሙሉ ማንጎ ሲያለሙ የኖሩ፣ በሰፈሩ ዛፍ ሲቆረጥ ካልተጠሩ የሚያኮርፉ ሰው። ባለፈው ክረምት ከታናሽ ወንድማቸው ጋር ዛፍ ሲያወርዱ ገመዱ ተበጥሶ ወንድምየው ግንድ ተጭኖት ሞቷል። ስለዚህ ያን ገመድ ሳይ አስቆምኳቸው።

«ደግሞ ምን ሊያወርዱ ነው?» አልኳቸው።

«ጣሪያዬ ላይ ያዘነበለውን የማንጎ ቅርንጫፍ ነዋ፣ መምህር! ሥሩ ጋ ተሰንጥቋል። እኔ እቆርጣለሁ፣ ልጄ ከታች ቆሞ በገመዱ ቀስ አድርጎ ያወርደዋል።»

ወንድምየውም የቆመው ከታች ነበር። አላስችል ብሎኝ ተከተልኳቸው።

ጓሮው ውስጥ የሽማግሌው ልጅ ገመዱን ተቀብሎ ከቅርንጫፉ ሥር ቆመ፤ የሟቹ ልጅ ደግሞ ሜትር ይዛ ትጠብቃለች። የእርሻ ትምህርት ተምራ የፍራፍሬ ዛፎችን እየለካች የእንጨታቸውን መጠንና ክብደት ማስላትን ሥራዋ አድርጋዋለች። የኛ ሰፈር ሰው መሳቂያ ስለማያጣ «ዛፍ መዛኟ» ይላታል።

«አጎቴ፣ ሳይለካ እንዳይቆርጡት» አለች።

«ለክቼዋለሁ።»

«በምን?»

«በክንዴ ነዋ!»

በኛ ዘንድ የቆየው ልማድ ይኸው ነው። አዋቂ የተባለው ሰው መሰላል ይወጣል፣ የሚቆረጠውን እንጨት ያቅፋል፣ ከዚያ ክብደቱን ይናገራል። የተናገረው ደግሞ ይግባኝ የለውም።

«ሁለት ኩንታል ነው። ገመዱ ሦስት ይችላል። አለቀ!» አሉ ሽማግሌው።

«ያቀፉት የቱ ጋ ነው?»

«ሥሩ ጋ።»

«ከጎኑ የወጡትን ቅርንጫፎችስ ማን አቀፋቸው? የፍራፍሬ ዛፍ እኮ እንደ ባሕር ዛፍ ቀጥ ብሎ አያድግም፤ ብዙው እንጨት ያለው ቅርንጫፉ ላይ ነው።»

«ልጄ፣ ይሄ ትከሻ ስንት እንጨት ተሸክሟል መሰለሽ!»

«የተሸከሙት የደረቀ ማገዶ ነው። እርጥብ እንጨት ግማሽ ያህሉ ውሃ ነው።»

«አባትሽም እኔም የኖርነው በዚሁ ነው!» ብለው ጮኹ። ወዲያው ደነገጡና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «እሱስ ቀኑ ደርሶ ነው።»

ልጅቷ ፊቷ ጠቆረ። የሜትሩን ጫፍ ለአጎቷ ልጅ አስያዘችውና ቅርንጫፉን ሥሩ፣ መሐሉና ጫፉ ላይ ዙሪያውን ለካች፤ ርዝመቱንም ያዘች። ከጎኑ የወጡትንም እያንዳንዳቸውን እንደ አንድ ግንድ ለካቻቸው። ካሰላች በኋላ «አምስት ኩንታል» አለች።

ሽማግሌው ሳቁ። «አምስት? ወይ ትምህርት!»

«እኔን አይመኑኝ። ከጎኑ አንዱን ትንሽ ቅርንጫፍ ይቁረጡና ፍሬ በሚመዝኑበት ሚዛን እንየው።»

ሽማግሌው መረጡ፣ አቀፉ፣ «አሥራ አምስት ኪሎ» አሉ። እሷ ለክታ «ሠላሳ» አለች። ተቆርጦ ሲመዘን ሠላሳ ሁለት ሆነ። ሚዛኑን ረገጥ ረገጥ አደረጉት፣ ቅርንጫፉን አውርደው መልሰው ጫኑት። ያው ሠላሳ ሁለት ነው። ልጃቸው የያዘውን ገመድ ለቀቀና ከቅርንጫፉ ሥር ወጣ። እኔም ደስ ሊለኝ ሲገባ የሽማግሌውን ፊት አይቼ ደነገጥኩ። ስለ ዛሬው ቅርንጫፍ እያሰቡ አልነበረም።

«ያኛውስ?» አሉ በመጨረሻ። «በክንዴ መዝኜው አባትሽ ላይ የወደቀው?»

«ይተዉት አጎቴ።»

«ግንዱ አጥሩ ሥር አለ፤ ሂጂና ለኪልኝ።»

«ከቀብሩ ማግስት ለክቼዋለሁ።»

«ስንት ሆነ?»

ቀና ብላ አላየቻቸውም። «ገመዱ ከሚችለው እጥፍ።»

ሽማግሌው መሬት ላይ ቁጭ አሉ። «ይሄን ሁሉ ጊዜ ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ነግሬዎት ምን ሊጠቅምዎት?» አለችና አብራቸው ተቀምጣ አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ።

ቅርንጫፉ በማግስቱ ከጫፉ ጀምሮ እየተቆራረጠ፣ እያንዳንዱ ቁራጭ እየተለካ ወረደ። የተጎዳ ሰው የለም። ዛፉን በሜትር የሚያውቅ ሰው የትኛው ገመድ እንደሚችለው ያውቃል፤ ፍሬ የከበደው ቅርንጫፍ ምን ያህል ድጋፍ እንደሚሻ፣ ሲከረከም ስንት ማገዶ እንደሚገኝ፣ ዛፉ ከዓመት ዓመት ምን ያህል እንደወፈረ ያውቃል። ይህን ሁሉ ለማወቅ አንድ ሜትርና ጥቂት ትዕግሥት ይበቃል። እኛ ግን በአንድ ሰው ሕይወት ተማርነው።

ሽማግሌው ዛሬም ዛፍ ሊቆረጥ ሲል ይጠራሉ፤ የወንድማቸውን ልጅ ሳያስከትሉ ግን አይሄዱም። ጎረምሶች «ምነው፣ እንደ ድሮው አቅፈው አይነግሩንም?» ሲሏቸው እንዲህ ይላሉ፦

«ወንድሜን የገደልኩት አቅፌ ነው። ለኩ!»